ጥያቄ የማይገባበት አዳራሽ

በየክርስቲያን ኮሌጁ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ፤ አከራካሪ የሆነ የፖለቲካ ሰው ግቢ ገብቶ ይናገር ወይስ በሩ ይዘጋበት? አንደኛው ወገን «የጸሎት ቤት የካድሬ መሰብሰቢያ አይሆንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ወጣቱ ሁሉን ሰምቶ ይምረጥ» ይላል። እኛ ሁለቱንም ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚጨቃጨቁት በር ላይ ቆመው ነው። እሺ፣ እንግዳው ገባ እንበል። ከገባ በኋላስ? ንግግሩን ሲጨርስ ተነስቶ የሚጠይቀው ማነው? የተጠየቀውንስ የመመለስ ግዴታ አለበት ወይስ አጨብጭበን እንሸኘዋለን? የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው እንላለን።

ከሰፈራችን እንጀምር። ኮልፌን ሰው በአጣና ተራዋ ያውቃታል። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት የተማረው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ስድስት ወር ሊቆይ ታስቦ ሳይጨርስ ድርጅቱ ጠራው፤ አገሩ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ተያዘና ሃያ ሰባት ዓመት ታሰረ። ይህንን የሰፈራችን ሽማግሌ ሁሉ ይተርከዋል። እኛን የሚገርመን ግን ሰውየው ኮልፌ ከመድረሱ በፊት የት የት እንደተማረ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት! ክላርክበሪና ሂልድታውን ሁለቱም የሜቶዲስት ነበሩ፤ ቀጥሎ የገባበት የፎርት ሄር ኮሌጅም በ1916 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በሚሲዮናውያን ጥረት ነው።

ሂልድታውን ሳለ፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ክሩኔ ምቃዪ የሚባል ስመ ጥሩ የኮሳ ባለቅኔ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። የነብር ቆዳ ለብሶ፣ በሁለቱም እጁ ጦር ይዞ፣ ርዕሰ መምህሩ ዶክተር ዌሊንግተን ብቻ በሚገባበት በር መድረኩ ላይ ብቅ አለ። (ዶክተሩ የታላቁ የዌሊንግተን መስፍን ዘር ነኝ እያሉ የሚኩራሩ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ዓይነቱን መምህር የማያውቅ ተማሪ የለም።) ባለቅኔው ሲናገር ጦሩን ቢያነሳ የመጋረጃው ሽቦ ላይ አረፈ። ትንሽ አሰበና ጦሩን አፍሪቃ፣ ሽቦውን የባዕድ ሥልጣኔ አድርጎ ተረጎመው፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጋጨው ነጮቹ መምህራን በተቀመጡበት ተናገረ። ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንደሚነግረን ጆሮውን ማመን አቃተው። ይህ ሰው በዶክተሩ ፊት እንዴት ደፈረ? እንግዲህ ጣራው አልተደረመሰም። ትምህርት ቤቱም አልተዘጋም።

ፎርት ሄር ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ፤ ጄኔራል ያን ስመትስ። የነጮች መንግሥት ታላቅ ሰው ነው፤ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተናገረ፤ ተማሪው አጨበጨበ። ካጨበጨቡት አንዱ ማንዴላ ነበር፤ ራሱ አይደብቀውም። ከጓደኞቹ አንዱ ግን «ስመትስ ዘረኛ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ተከራከረ። ልብ በሉ! የማንዴላን ዓይን መግለጥ የጀመረው የተጋባዡ ንግግር አይደለም፤ አብሮት የሚማር ልጅ የሰነዘረው መልስ ነው። ስመትስ ባይጋበዝ ኖሮ ያ መልስ አይወለድም ነበር። ስመትስ ተጋብዞ ተማሪው ሁሉ አጨብጭቦ ወደየአልጋው ቢሄድም አይወለድም ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. እዚያው ኮሌጅ የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበረው ሮበርት ሶቡክዌ ተመራቂዎች በሚሰናበቱበት ምሽት ያደረገው የፖለቲካ ንግግር እስከዛሬ ይነበባል። የአፓርታይድ መንግሥት ኮሌጁን በሕግ ከሚሲዮናውያን እጅ የወሰደው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ግቢ ሥራ ላይ እያለ አገር በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ መግዛት እንደሚያስቸግር ገብቷቸዋል።

ይህ የሰው አገር ወሬ ነው የሚል ካለ አራት ኪሎ እንውረድ። በ1943 ዓ.ም. በይፋ የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ነበሩ፤ አለቃቸው ዶክተር ሉሲየን ማት። ጃንሆይ ካህናቱን ሲቀበሉ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው ከረባት እንዲያስሩ፣ ሃይማኖታቸውንም እንዳይሰብኩ አድርገው ነው። ስብከትም የለም፣ ፖለቲካም የለም፤ ጸጥ ያለ ኮሌጅ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። ምን ይሆናል! በግልጽ የመጠየቂያ መድረክ ያልተሰጠው ተማሪ ግጥምን ጥያቄ አደረገው። በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ተነበበ። በዓመቱ ግጥሙ ይበልጥ ሲመር ገጣሚዎች ከትምህርት ታገዱ። ግጥም ያነበበን ተማሪ ማገድ እንግዲህ ለጥያቄው የተሰጠው መልስ ነበር።

ከዚያው ዓመት አንድ ነገር ደግሞ አይረሳንም። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በሌላ ወገን የፓትርያርኩ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ ውግዘት በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን ተበተነ፤ ከአመፀኞቹ ጋር የተባበረ የተረገመ ይሁን የሚል። እዚህ ላይ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ክፍል ልጆች እንተወው። እኛ የምናየው የንግግሩን መንገድ ነው። የሃይማኖት አባት ፖለቲካ ተናገሩ፤ ያውም ከሰማይ። ከሰማይ የወረደ ወረቀት ማን ይጠይቀዋል? እጅ ብታወጣ ማን ያይሃል?

ደርግ መጣና ደግሞ መድረኩን ሁሉ ለራሱ አደረገው። በየመሥሪያ ቤቱ «የውይይት ክበብ» ተባለ፤ አባቶቻችን እንደሚነግሩን ውይይት የሚባለው አንዱ ያነባል ሌላው ያዳምጣል ማለት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ተናጋሪ እንድትሆንለት ፈለገ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እሺ አላሉም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ከዓመታት እስር በኋላ የተገደሉት በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ «ቤተ ክርስቲያን ከፖለቲካ ውጭ ናት» የሚለው አነጋገር ምን ያህል የቆመበት መሬት እንዳለው እነዚህን ሁለት አባቶች መጠየቅ ነበር።

አሁን ወደ ገዛ ቁስላችን። ኮሌጁን በስም አንጠራም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከእኛ ሰፈር አይርቅም፣ ከእኛ መሐል የተማሩበት አሉ፤ ይበቃል። የተማሪዎች ክበብ አንድ አከራካሪ የተባለ ጸሐፊ እንዲጋበዝ ማመልከቻ አስገባ። መልሱ «ወንጌልና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚል ነበር። ይሁን አልን፤ አቋም ነው፣ ይከበራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኝ መጣ። ክፍል ተዘጋ፣ ስም መጥሪያ ዞረ፣ ያልተገኘ ነጥብ ይቀነስበታል ተባለ። ሰውየው አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገረ። ስለ ልማትም ስለ ጠላትም ተናገረ፣ ጥቅስም ጣል አደረገ። ጥያቄ ያለው በወረቀት ይጻፍ ተባለና ወረቀቱ ተሰበሰበ፤ ከመድረኩ የተነበበው አንድ ብቻ ነው፤ «ለወጣቱ ምን ይመክራሉ?» የሚል። የቀሩት ወረቀቶች የት እንደደረሱ እግዜር ይወቀው። ያን ቀን ወንጌልና ፖለቲካ ተቀላቀሉ ወይስ አልተቀላቀሉም? ጸሐፊው ሲሆን ፖለቲካ፣ ባለሥልጣኑ ሲሆን «እንግዳ» ነው እንዴ?

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሊበርቲ የሚባል ትልቅ የወንጌላውያን ዩኒቨርሲቲ አለ። በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ሴናተር ቴድ ክሩዝ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ ያወጀው በዚያ ግቢ ጉባኤ ላይ ነው፤ ግቢ የሚኖረው ተማሪ በጉባኤው መገኘት ግዴታው ነበር። በቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው በሺህ የሚቆጠር ደጋፊ! ጥቂት ተማሪዎች ግን የተፎካካሪውን የራንድ ፖልን መፈክር የያዘ ካናቴራ ለብሰው ተቀመጡ። በፖለቲካቸው ከነዚህ ልጆች ጋር ላንስማማ እንችላለን፤ ካናቴራቸውን ግን ወደድነው። ከስድስት ወር በኋላ እዚያው አዳራሽ በርኒ ሳንደርስ መጣ፤ በብዙ ነገር እንደማይስማሙ ራሱ አስቀድሞ ነግሯቸው ጀመረ፣ ሲጨርስም ጥያቄ ቀረበለት። አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ዓይነት መድረክ።

የመዝጋቱን ጉድ ለማየት ደግሞ ሚኔሶታ እንሂድ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ክፍለ ሀገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ቶማስ የሚባል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እንዳይጋበዙ ወሰነ፤ ስለ እስራኤል የተናገሩት ሰው ያስቀይማል ተብሎ። የክርስቲያን ኮሌጅ ሊቀ ጳጳስ ከለከለ! ያውም የኖቤል የሰላም ተሸላሚ። ጩኸቱ ሲበዛ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ውሳኔውን አንስቶ ጋበዛቸው። ቱቱ ተጋብዘው ቢሆንና በነገሩ ቅር የተሰኘው ሰው ቆሞ ቢጠይቃቸው ምን ይጎድል ነበር? ቱቱ እንደሆኑ መልስ የሚያጥራቸው ሰው አልነበሩም።

«ኧረ ተዉ ልጆች፣ ይቺ አገር ክብሪት አትፈልግም» የሚሉን አሉ። ይህንን በቀልድ አናልፈውም። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ አገሩ እንደገባ እናውቃለን። እናት ልጇን ዩኒቨርሲቲ ልካ ሬሳ የተቀበለችበት ዘመን ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ወገኖች፣ እንዲህ ያለ እሳት ማይክራፎን ባለበት፣ መምህሩም ተማሪውም ባለበት፣ ጥያቄ በሚነሳበት አዳራሽ ሲቀጣጠል አይተን አናውቅም። በሹክሹክታ፣ በዶርም በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀትና በስልክ በሚዛመት አሉባልታ ነው የሚዛመተው። እነዚህም እንደ 1953ቱ ወረቀት ከሰማይ የሚወርዱ ናቸው፤ ጠያቂ አይደርስባቸውም። ግደሉ የሚልን ሰው ጋብዙልን አላልንም፤ እሱ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ጋር ነው።

ደግሞ «ዐውደ ምሕረት ለፖለቲከኛ አይሰጥም» ለሚሉን፦ እኛም አይሰጥ ባዮች ነን። ዐውደ ምሕረት ላይ ምእመን እጅ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ፖለቲከኛ እዚያ ቆሞ ሲናገር ሕዝቡን አፉን አሲዞ መናገሩ ነው። ባለሥልጣንም ተቃዋሚም ከዚያ ይውረድ። አዳራሽ ግን ሌላ ነው። አዳራሽ የኮሌጅ ነው፤ ኮሌጅ ደግሞ ያለ ጥያቄ ኮሌጅ አይባልም።

ይህንንም ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለአገሩ ባዕድ ሆኖ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የኔታ ያሉትን ለመድገም ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይነግራል፣ ይነቀፋል፣ ይታረማል። የመጻሕፍት ትርጓሜው ራሱ «አንድም» እያለ የሚሄድ ነው፤ አንዱን ፍቺ ነግሮ ሌላውን ከጎኑ ያቆማል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያለው አገር ጥያቄን በወረቀት ሰብስቦ የሚያጠፋ ኮሌጅ ሲያበቅል አይገርምም? ወንጌሉም ቢሆን ከእነሱ ወገን አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ በመቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ይሰማም ይጠይቅም ነበር። ካደገ በኋላ ደግሞ በዚያው መቅደስ ለቄሣር ግብር ይገባል ወይስ አይገባም ብለው መጡበት። ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ፣ ከዚህ የበለጠ አከራካሪ ከየት ይመጣል! ጥያቄው ወጥመድ እንደሆነ እያወቀ «እዚህ ፖለቲካ ክልክል ነው» አላለም። ዲናሩን አምጡ አለና መለሰ።

እንግዲህ የጸሐፊው ማመልከቻ ሰሞኑን እንደገና ገብቷል። በዚህኛው ከእንግዳው ስም ሥር ሦስት መስመር ተጨምሮበታል፤ መገኘት በፈቃድ እንዲሆን፣ ከሁለት ሰዓቱ አንዱ ለጥያቄ እንዲተው፣ ጥያቄውም በወረቀት ሳይሆን በቃል እንዲቀርብ። ባለሥልጣን ሲመጣም በዚሁ ደንብ ይስተናገድ የሚል አራተኛ መስመር ይጨመር አይጨመር ተከራክረን፣ በአምስት ድምፅ ለሦስት ተጨምሯል። ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ እጃችን ላይ አለ።