ማዕዘኑ ላይ የቆመው ሰው
ሦስት ኮከብ ያሰባሰበ ቡድን ዋንጫውን በእጁ አስገባ ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። የቅርጫት ኳሱ ክለብ ማያሚ ሂት እ.ኤ.አ. በ2010 ሌብሮን ጄምስን፣ ድዌይን ዌድንና ክሪስ ቦሽን አንድ ማሊያ ሲያለብስ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ2011ዱ ፍጻሜ ግን ከዲርክ ኖቪትስኪ በቀር በዚያ ዓመት ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ተጫዋች ያልነበረው ዳላስ 4 ለ 2 አሸነፈው። ማያሚ ተማረ፤ ኮከቦቹን የሚያግዙ ተጫዋቾች፣ ሼን ባቲዬን፣ ኋላም ሬይ አለንን አመጣ። የ2013ቱን ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ አስታውሱ። ተጋጣሚው ሳን አንቶኒዮ በ3 ነጥብ እየመራ ነው፤ ዋንጫውን ሊያነሳ የቀሩት ሰከንዶች ናቸው። ሌብሮን ከሩቅ ወረወረና ሳተ። ቦሽ ተመላሹን ኳስ ቀልቦ አቀበለ፤ አለን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ከቀኙ ማዕዘን፣ ከመስመሩ ውጭ፣ ሰውነቱን አስተካክሎ ወረወረ። ገባች! 5.2 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፤ በሰባተኛው ጨዋታ ደግሞ ባቲዬ ከ8 የሦስት ነጥብ ሙከራ 6ቱን አገባ። አለን ራሱ ኮከብ አልነበረም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ነበር፤ ያን ዓመት ግን በአብዛኛው ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ነው የተጫወተው፤ ይህን መቀበሉን ከውርወራው አስበልጬ አከብርለታለሁ። በዚያው ሰባተኛ ጨዋታ 37 ነጥብ ያስቆጠረው ሌብሮን ባይኖር ማያሚ ዋንጫው ላይ እንደማይደርስ አልክድም። የሚያንገበግበኝ ክለቦች ገንዘባቸውን በሁለትና በሦስት ሰው ላይ አፍስሰው ለስድስተኛውና ለሰባተኛው ሰው ፍርፋሪ ሲያስቀሩ ማየት ነው።