ከጉንፋን እስከ ጉሮሮ ሕመም፦ የነርስ እንክብካቤ በቸሃና በአካባቢው

የክረምቱ ዝናብ ቀንሶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ በጉራጌ ዞን ቸሃ ወረዳ የሰው እንቅስቃሴ ይጨምራል። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱ ቤተሰቦች በወልቂጤ በኩል አልፈው ወደ እምድብርና በዙሪያዋ ወዳሉት ቀበሌዎች ይገባሉ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲናፈቅ የቆየው ይህ መሰባሰብ የመተንፈሻ አካላት ተሕዋሲያን ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፉበት አጋጣሚም ነው። በመሆኑም በዚህ ወቅት በጤና ጣቢያዎች የሚቀርቡ የጉንፋን፣ የጉሮሮ፣ የቶንሲልና የጆሮ ሕመም አቤቱታዎች መበራከታቸው የሚጠበቅ ነው።

ከእነዚህ ታማሚዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት መርፌ ወይም እንክብል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ፀረ-ተሕዋሲያን መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ጥቂቶቹ ግን ያስፈልጋቸዋል፤ በጊዜው ካላገኙትም ጉዳቱ የዕድሜ ልክ፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚያሳጣ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ወገኖች የመለየት ኃላፊነት በመጀመሪያ የሚወድቀው በጤና ጣቢያው ነርስ ላይ ነው። ስለዚህ የአገልግሎቱ ጥራት የሚለካው በተሰጠው መድኃኒት ብዛት ሳይሆን ታማሚው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደታየ ነው።

ብዙው በእንክብካቤ ይድናል

የላይኛው የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን የሚባለው አፍንጫን፣ ጉሮሮን፣ ቶንሲልንና የድምፅ ሣጥንን የሚያጠቃ ሕመም ነው፤ ወደ ጆሮም ሊዛመት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ቫይረስ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ የሕመሙንም ጊዜ አያሳጥርም። የአፍንጫ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ መለወጡም ብቻውን አንቲባዮቲክ ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም። ጉንፋን በአብዛኛው ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል፤ ሳሉ ግን ከዚያ ጥቂት ቀናት ሊያልፍ ይችላል።

በእነዚህ ቀናት ለታማሚው የሚደረግለት እንክብካቤ ራሱ ሕክምና ነው። ሕፃኑ ጡት ቶሎ ቶሎ እንዲጠባ፣ ከፍ ያለው ልጅ በቂ ፈሳሽና በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ምግብ እንዲያገኝ፣ የታፈነ አፍንጫ ንጹሕ በሆነ ቀጭን የጨው ውኃ እንዲጸዳ፣ ትኩሳትና ሕመም ሲኖር በክብደት የተመጠነ ፓራሲታሞል እንዲሰጥ ይመከራል። ለብ ያለ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። አስፕሪን ለልጆች ትኩሳት አይታዘዝም። ሕፃንን በሚፈላ ውኃ ላይ አጎንብሶ ማጠን የቃጠሎ አደጋ ያስከትላል፤ የዳማከሴን ወይም የሌላ ቅጠል ጭማቂ በሕፃን አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብም ትንታ ሊያመጣ ስለሚችል ሊቀር ይገባል።

ትንፋሽ የምትቆጠርበት ደቂቃ

አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ነርሱ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ወሳኙ ምንም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ልጁ በተረጋጋበት ሁኔታ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ትንፋሹ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች በሆነ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ባለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከጉንፋን አልፎ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ተገቢው ሕክምና ይጀመራል። ልጁ አየር ሲስብ የታችኛው የደረት ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ባለበት ጤና ተቋም በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በጣት ላይ ይለካል፤ ከ90 በመቶ በታች መሆኑ ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

ይህ ቆጠራ የሚያመጣው ለውጥ በሀገር አቀፍ ደረጃ የታየ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166 የሚሆኑት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ የሳንባ ምችን ለይተው እንዲያክሙ መደረጉ፣ እንዲሁም በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ክትባት የገባው የኒሞኮካል ክትባት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት የመተንፈሻ ሕመም ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት መካከል ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ትንፋሹ ያልተቆጠረለት ልጅ አሁንም ብዙ ነው ማለት ነው።

ከጉሮሮ ወደ ልብ

ሁለተኛው ሊለይ የሚገባው ሕመም ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ቁስለት ነው። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት፣ መዋጥ መቸገር፣ በቶንሲል ላይ ነጭ መግል፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚያሙ እብጠቶች ይታያሉ። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ አለመኖሩ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ይህ ሕመም ሳይታከምም ትኩሳቱ ሊበርድ ይችላል፤ አሳሳቹ ነገርም ይኸው ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ይከተላል፤ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ሕመሙ ሲደጋገምም የልብ ቫልቮች ይጎዳሉ። ፔኒሲሊን ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ከተሰጠ ይህን ጉዳት መከላከል ይችላል። አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን ያለማቋረጥ የሚወሰድ የአፍ መድኃኒት ይበቃል። ቀኑ ካለፈና ልብ ከተጎዳ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚሰጥ መርፌ፣ ሲብስም የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወረፋ የሚጠብቁበት ተቋም ነው። ከእነርሱ መካከል ከልብ ጉድለት ጋር የተወለዱ አሉ፤ ጉዳታቸው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የጀመረም አሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሩማቲክ ልብ ሕመምን ለመከላከል የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያ አውጥቷል። የእነዚህ ሰነዶች ተግባራዊነት የሚጀምረው ግን በገጠር ጤና ጣቢያ የልጅ አፍ አስከፍቶ ጉሮሮውን በብርሃን ከሚያይ ነርስ ነው።

እንጥል ማስቆረጥና ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት

ለጉሮሮ ሕመም ሰዎች ከጤና ተቋም ውጭ የሚሄዱባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው «እንጥሉ ወርዷል» በሚል የሕፃንን እንጥል ማስቆረጥ ነው። እንጥል በኢንፌክሽን ጊዜ ያብጣል፤ ሕመሙ ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። መቁረጥ የጉሮሮ ሕመምን አይፈውስም፤ ይልቁንም ከባድ የደም መፍሰስ፣ ቴታነስና የደም መመረዝ ሊያስከትል፣ ሕፃኑንም ጡት መጥባት ሊከለክለው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃናትን ሕይወትና አካል ለጉዳት መዳረግን በወንጀልነት ደንግጓል።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት ነው። ለጉንፋን የተወሰደ አሞክሲሲሊን ጥቅም ሳይሰጥ ተሕዋሲያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። በእምድብር፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን የሚታከመው በዚሁ መድኃኒት በመሆኑ፣ ለማያስፈልገው ሰው የተሰጠ እያንዳንዱ እንክብል የሚያስፈልገውን ልጅ ዕድል ያጠባል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመድኃኒት ቁጥጥርን የሚመለከት ሲሆን፣ አንቲባዮቲክም በሐኪም ማዘዣ ብቻ ከሚሸጡ መድኃኒቶች የሚመደብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከመድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል።

ሆኖም ችግሩን የተገልጋዩ ግንዛቤ ማነስ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። እንጥል ቆራጩ እናቲቱን ሳያስጠብቅ ያስተናግዳል፤ መድኃኒት ሻጩም ወዲያውኑ በእጇ የሚያዝ ነገር ይሰጣታል። በአንጻሩ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። ወረፋው ሲረዝም ትንፋሽ የሚቆጠርበት ደቂቃ ሊታለፍ ይችላል። መድኃኒት ጽፎ መሸኘት አንድ አፍታ ይበቃዋል፤ መድኃኒት ለምን እንደማያስፈልግ ማስረዳት ግን ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ የመድኃኒት አጠቃቀምን ለማስተካከል የሚደረገው ጥረት ለነርሱ የማስረጃ ጊዜ ከመስጠት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ታማሚዎችን ገና በመግቢያው ላይ መለየት፣ የሚያስሉትን አየር በሚገባበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን ሳይቋረጡ እንዲገኙ ማድረግ የጤና ተቋማት አመራሮች ድርሻ ነው።

የቡታጅራ ትምህርት፦ ጭስ

በአሁኑ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን የምትገኘው ቡታጅራ በዚህ ጉዳይ ልዩ ቦታ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በመስቃንና ማረቆ ቤተሰቦችን በተከታታይ ያጠናበት አካባቢ ነው። ከጥናቶቹ አንዱ ማገዶ በሚነድባቸው ቤቶች የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን መጠን ለክቶ፣ አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ ካስቀመጠው ዓመታዊ ገደብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ጭስ የመተንፈሻ አካላትን ሽፋን ስለሚያዳክም ሕፃናትን ለተደጋጋሚ ሕመም ያጋልጣል።

የጉራጌ ጎጆ ምድጃ የቤተሰቡ መሰብሰቢያ በመሆኑ ምክሩ ባህሉን የሚነካ መሆን የለበትም። እንጨቱ የደረቀ እንዲሆን፣ ማብሰያው ከመኝታው እንዲለይ፣ ቡና ሲፈላና ምግብ ሲሠራ በሩ እንዲከፈት፣ በተለይም ሕፃን በጀርባ ታዝሎ ምድጃ አጠገብ እንዳይቆይ ማድረግ በሁሉም ቤት የሚቻል ነው። ጀፎረውን ተከትለው ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህንን ምክር ከክትባት ክትትል ጋር አብረው ይሰጣሉ።

ተገልጋዩ ምን ያድርግ?

ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካልቻለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሳያለቅስ አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ደረቱ ከሰረጎደ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ወይም ፈጣን አተነፋፈስ ከታየበት አንድ ቀንም ሊዘገይ አይገባም።

እነዚህ ምልክቶች በማይታዩበት ጊዜ የመጀመሪያው መድረሻ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ጉዳይ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ በቸሃ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሲያገለግል የቆየው አጣጥ ሆስፒታል ይገኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህንን ቅደም ተከተል ካልጠበቁ ተጨማሪ ወጪ ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር በጤና ጣቢያው በኩል ማለፍ ይጠቅማቸዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ በነፃ ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ከሳንባ ምች፣ ከዲፍቴሪያና ከትክትክ፣ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠው ደግሞ ከኩፍኝ ይከላከላሉ።

በምርመራ ክፍል ውስጥ ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ የልጄ ትንፋሽ ተቆጥሯል ወይ? ጉሮሮውስ ታይቷል ወይ? መቼ ተመልሼ ልምጣ? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ማግኘት የተገልጋዩ መብት ነው። መልሱን ያገኘ ወላጅ መድኃኒት ሳይዝ ቢመለስ እንኳ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ሊቆጥር አይገባውም።