ከኪሎ ሜትሩ በፊት ጥርሱ ይቆጠር

ምሩፅ ይፍጠር «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በመጨረሻው ዙር ድንገት አፈትልኮ ስለሚወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ይህ ሰው እግሩ ላይ የታሰረ ማርሽ አልነበረውም፤ የቀየረው የእርምጃውን ምት ነው። እንዲህ ያለ ብስክሌትም አለ። ፊክስድ ጊር ይሉታል፤ እኛ ቋሚ ማርሽ እንበለው። የኋላው ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር ስለተቆለፈ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የለም፤ ዳገት ላይም ወደ ቀላል ማርሽ መሸሽ የለም። መፍጠን የፈለገ እግሩን ያፈጥናል፣ መቀዝቀዝ የፈለገ የፔዳሉን ዙር በእግሩ ይይዛል። በዚህ ብስክሌት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ከዚያም አልፎ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ለመንዳት የሚነሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ብዙዎቹ ግባቸውን የሚያስቀምጡት በኪሎ ሜትር ነው፦ በዚህ ዓመት 300 እደርሳለሁ፣ በሚቀጥለው 600። በቋሚ ማርሽ ግን ይህ ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እግር በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት፣ ሳይጎዳ መዞር እንደሚችል ነው። ጥርሱ ከዚያ ይመረጣል፤ ኪሎ ሜትሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ሂሳቡን እንየው። ፊት 46፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው፣ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር የሆነ ብስክሌት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5.37 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 80 ዙር የሚረግጥ ሰው በሰዓት ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይነዳል ማለት ነው። 200 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከ37 ሺህ ዙር በላይ ይጠብቀዋል፤ ማርሽ ያለው ባልንጀራው ቁልቁለቱን እግሩን ሰቅሎ ሲወርድ ለእሱ አንድም ዙር አይቀነስለትም። ዳገት ፍጥነቱን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ካወረደው እግሩ በደቂቃ 31 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ርግጫ ሸክም ይዞ ደረጃ የመውጣት ያህል ይከብዳል። ቁልቁለት ፍጥነቱን ወደ 45 ከወሰደው ደግሞ 140 ዙር ይሆናል፤ ያልለመደ ሰው ኮርቻው ላይ መዝለል ይጀምራል። አሁን ጥርሱን ቀይረን ፊት 48፣ ኋላ 15 እናድርገው። አንዱ ዙር 6.72 ሜትር ይወስዳል፣ 200 ኪሎ ሜትሩም ከ30 ሺህ በታች በሆነ ዙር ያልቃል። ዓይኑን ኪሎ ሜትሩ ላይ የተከለ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ ቁጥሩ ስላነሰ ድካሙም የሚያንስ ይመስለዋል። በዚያው ዳገት ላይ ግን እግሩ በደቂቃ 25 ጊዜ ለመዞር ሲታገል ዕዳውን ጉልበቱ ይከፍላል። ማርሽ ያለው ብስክሌት የጠዋት ስህተትን ከሰዓት በኋላ ያሳርማል። ቋሚ ማርሽ ግን ከቤት የወጣበትን ውሳኔ ይዞ ይውላል፤ ለዚህም ነው የግቡ ዋና ክፍል ካቴናው ከመታሰሩ በፊት ያለቀ ነው የምለው።

የረጅም ርቀት ብስክሌት ታሪክ የተጀመረውም በዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ከፓሪስ ወደ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ሻርል ቴሮን ያሸነፈው ከ71 ሰዓት በላይ ነድቶ ነው፤ ያን ጊዜ ፔዳልን የሚያሳርፍ አሠራር ገና አልተስፋፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ቱር ደ ፍራንስ ሲጀመር 2,428 ኪሎ ሜትሩ በ6 ክፍል ብቻ ተከፈለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ጉዞ ከፓሪስ እስከ ሊዮን 467 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተነሱት 60 ሰዎች የጨረሱት 21 ናቸው። የውድድሩ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መለዋወጥን የድክመት ምልክት አድርጎ ያይ ስለነበር፣ ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው መሣሪያ ለቱሩ ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እስከዚያ ድረስ ለእነሱ ማርሽ መቀየር ማለት ከብስክሌት ወርዶ፣ የኋላ ጎማውን ፈትቶ፣ በሌላው ጎኑ ያለውን ጥርስ ወደ ካቴናው ማዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 የፒሬኔ ተራሮች ወደ ውድድሩ ሲገቡ የዚያ ዓመት አሸናፊ ኦክታቭ ላፒዝ እንኳ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ የወጣበት ዳገት ነበረ።

ይህ ታሪክ ዛሬም በቋሚ ማርሽ የሚነዱ ብዙ ሰዎችን ይማርካል፤ መማረኩን አልነቅፍም። የምቃወመው የሚወሰድበትን ትርጉም ነው። ዴግራንዥ ስቃይን ራሱን ግብ አደረገው፤ የሚበልጠው ሰው ይበልጥ የተሰቃየው ነው ብሎ አመነ። ዛሬ ከባድ ጥርስ አስሮ፣ ፍሬን አውጥቶ፣ ሩቅ ቁጥር ጽፎ የሚነሳው ሰው ሳያውቀው የእሱ ደቀ መዝሙር ነው። በዚያው ዘመን በሴንት ኤትየን ከተማ «ለ ሲክሊስት» የተባለውን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው፣ በብዕር ስሙ ቬሎሲዮ የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ፣ ለተለዋዋጭ ማርሽ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተ ሰው ነው። የሚገርመኝ ለቋሚ ማርሽ ብስክሌተኛ ከሁሉ የሚጠቅመውን ምክር የተወው ይህ የቋሚ ማርሽ ተቃዋሚ መሆኑ ነው። ዕረፍትን አጭርና ጥቂት ማድረግ፣ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት፣ ምግብና እንቅልፍ እስኪከለክል ድረስ አለመድከም፣ ለታይታም ብሎ አለመርገጥ፦ ትእዛዞቹ እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። አንዳቸውም ስለ ርቀት አይናገሩም። ሁሉም የሚጠይቁት ሰውየው ነገም ተመልሶ ብስክሌቱ ላይ መውጣት ይችል እንደሆነ ነው። ለታይታ አለመርገጥ የሚለው በተለይ፣ ፔዳሉ በማያርፍ ብስክሌት ላይ ከሥነ ምግባር ምክር ያልፋል። ማርሽ ያለው ሰው ሌላውን ለመቅደም አሥር ደቂቃ ቢጋልብ ቀጥሎ ባለው ቁልቁለት ያገግማል፤ ይህኛው የሚያገግምበት ቁልቁለት የለውም።

የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ጉዞ ዛሬ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው እንደ ውድድር ሳይሆን በሰዓት ገደብ እንደሚጠናቀቅ ጉዞ ነው። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች 1,200 ኪሎ ሜትሩን፣ ከ10,000 ሜትር በላይ ከሚሆን አቀበት ጋር፣ በ90 ሰዓት መጨረስ አለባቸው፤ በቋሚ ማርሽ የሚጨርሱትም አሉ። ለዚህ ለመብቃት በዚያው ዓመት 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር መንዳት ያስፈልጋል፤ ገደባቸው 13 ሰዓት ተኩል፣ 20፣ 27 እና 40 ሰዓት ነው። ይህን ደንብ ያቆየው ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚዬን ነው። ደንቡ የያዘውን ጥበብ ልብ እንበል። ገደቡ ከላይም ከታችም ነው፦ 200 ኪሎ ሜትሩን ከ5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ሰው መዝጋቢው ጣቢያ ክፍት ሆኖ አያገኘውም። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ደረጃም አይወጣም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ብቻ ይበቃል፤ ለዚህ የሚፈለገው ምቱን የማይለውጥ እግር እንጂ ፈጣን እግር አይደለም። በ46 በ18 ጥርስ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ሰው 200ውን በዘጠኝ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይረግጣል፤ ለመብላት፣ ከኮርቻ ወርዶ ለመቆም፣ የተበሳ ከመነዳሪ ለመጠገን ከአራት ሰዓት በላይ ይተርፈዋል። ቁልቁለት ላይ ያጣውን ዕረፍት ቆሞ የሚያገኘው እዚህ ነው። ስለዚህ ግቡ ውስጥ የማቆሚያ ሰዓትም ተቆጥሮ ይግባ እላለሁ፤ ማርሽ ላለው ሰው መቆም ብክነት ሊሆን ይችላል፣ ለዚህኛው ግን የጉዞው አካል ነው።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ከባዱ የጉልበት ነገር ነው። ቋሚ ማርሽ ጉልበት ይሰብራል የሚሉ ሰዎች ባዶ ወሬ አያወሩም። ከባድ ጥርስን በዝግታ መግፋት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሚሮጠውን ፔዳል በእግር እየያዙ ብስክሌቱን ማቆም፣ ሁለቱም መገጣጠሚያው ላይ ያርፋሉ። ሆኖም ሁለቱም የሚመነጩት ከመጥፎ ግብ ነው። ኪሎ ሜትርን ያስቀደመ ሰው ከባድ ጥርስ ይመርጣል፤ ታይታን ያስቀደመ ሰው ፍሬን ያወጣል። ምትን ያስቀደመ ሰው ቀላል ጥርስ ያስራል፣ የፊት ፍሬን ይገጥማል፣ ርቀቱንም ጉልበቱ ሳይቆረጥም እያደረ ይጨምራል። በብሪታንያ ሕግ የተቆለፈው የኋላ ጎማ እንደ አንድ ፍሬን ይቆጠራል፤ ቢሆንም ከፊት ሌላ ፍሬን ግዴታ ነው። ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ያለ ፍሬን በተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሩቅ ርቀት የሚያቅድ ሰው ግቡን የሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ ነው የጻፈው፤ ለዚህ የማቀርብለት መከላከያ የለኝም።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ማርሽ ተፈልስፎ እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚለው ነው። ማርሽ ያለው ብስክሌት ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው መንገድ ይሻላል፤ ቬሎሲዮ ክርክሩን ረትቷል። የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በቋሚ ማርሽ ለመውጣት የሚያቅድ ሰው ካለ ዕቅዱን እንዲተው እመክረዋለሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ለሚወጣ መንገድ የሚስማማ አንድ ጥርስ የለም። መንገዱ ሲስማማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሞጆ በመቂና በባቱ አድርጎ ሐዋሳ የሚደርሰው የስምጥ ሸለቆ መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ አባይ ያለ ገደልም የለበትም። የከባድ መኪናው ብዛት ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ቢጠይቅም፣ በመልክዓ ምድሩ በኩል አንድ ጥርስ ይበቃዋል። ማርሽ አልባ ብስክሌትም ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የዚያኛው ፔዳል ማረፉ ነው። ሊበላሽ የሚችለው ዕቃ ጥቂት መሆኑም መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ አንድን ምት ለብዙ ሰዓት መያዝን ለመማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ እግር ሲሰንፍ ብስክሌቱ ያንኑ ቅጽበት ይናገራልና።

ፍጥነት የሌለበት ግብ ለሰነፎች ነው የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የኤዲ መርክስን ሰዓት አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ መርክስ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ የያዘው ቋሚ ማርሽ ነበር፦ ፊት 52፣ ኋላ 14 ጥርስ። አንዱ ዙር ስምንት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ሲካፈል በአማካይ በደቂቃ 104 ዙር ይሆናል። የዘመኑ ፈጣን ብስክሌተኛ ግብ በቁጥር ሲፈታ ለስልሳ ደቂቃ የማይናወጥ 104 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ፊሊፖ ጋና ርቀቱን 56.792 ኪሎ ሜትር ሲያደርሰውም ብስክሌቱ ቋሚ ማርሽ ነው። ስለዚህ ምትን ማስቀደም ፍጥነትን መሸሽ አይደለም። ፈጣኖቹ በ104 የሚያቅዱትን ሌላው በ75 ቢያቅድ ልዩነቱ የመጠን ነው፤ የአስተሳሰቡ ሥርዓት ግን አንድ ነው።

የሚቀጥለው የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ጉዞ ተራው እ.ኤ.አ. በ2027 ነው። በቋሚ ማርሽ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬ ደብተሩ ላይ 1,200 ብሎ ባይጀምር እመርጣለሁ። መጀመሪያ በሚኖርበት አካባቢ ያለውን ከባዱን ዳገት ፈልጎ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ፣ እግሩ በደቂቃ ከ40 ዙር በታች ሳይወርድ የሚያወጣውን ጥርስ ያግኝ። ከዚያ በዚያው ጥርስ ሦስት ሰዓት ይንዳ፤ በማግስቱም ያንኑ ሦስት ሰዓት በዚያው ምት ይድገመው። ሁለተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ከሆነለት ሰዓቱን ይጨምር። ካልሆነለት ከኋላ አንድ ጥርስ ጨምሮ እንደገና ይጀምር።