አማና ስንት ነጥብ ያወጣል?



የቢዝነስ ሲሙሌሽን ጨዋታ ለማኔጅመንትና ለማርኬቲንግ ተማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። በቡድን ሆናችሁ ኩባንያ ትመራላችሁ፤ ዋጋ ትተምናላችሁ፣ ዕቃ ታዝዛላችሁ፣ ለማስታወቂያ በጀት ትመድባላችሁ። ኮምፒውተሩም ትርፍና ኪሳራችሁን ይነግራችኋል። የደንበኛ አመኔታ፣ የሠራተኛ ሞራልና መልካም ስም ግን ለመለካት ስለሚያስቸግሩ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ።

የእኛን አገር ገበያ ተመልከቱ። ነጋዴ ለገበሬ በዱቤ ሲሰጥ መያዣው የሰውየው ስም ነው። በእቁብም ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው የሚከፍለው ዋስ ስላለበትና ስሙ እንዳይጠፋ ነው። ይህን የማይቆጥር ጨዋታ የመካነ ሰላምን ገበያ አያስተምርም።

ጄይ ፎሬስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው «ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ» መጽሐፉ ያነሳው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ያልተለካን ነገር ከሞዴል ማስወጣት ዋጋው ዜሮ ነው ማለት ነው፤ ዜሮ ደግሞ ስህተት መሆኑን አስቀድመን የምናውቀው ቁጥር ነው። ባኩ የተወለደው ሎጥፊ ዛዴህም እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው የ«ፈዚ» ስብስብ ሐሳብ «ዝቅተኛ»፣ «ከፍተኛ» የመሳሰሉ ቃላትን ከ0 እስከ 1 ባለ ደረጃ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል።

ስለዚህ አመኔታ በጨዋታው ውስጥ ደረጃ ይሰጠው፤ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ቶሎ ይውረድ። ተጫዋቹም ቁጥሩን አይይ፤ እንደ ገበያው ወሬውን ብቻ ይስማ፦ «ደንበኞች እያጉረመረሙ ነው»፣ «አቅራቢው ዱቤ ከለከለ»።

«መምህሩ በግምት ባወጣው ቁጥር ማርክ ልናጣ ነው» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው የስሌቱን ሕግ ከጨዋታው በኋላ ይፋ ማድረግና በሌላ ግምት ደግሞ መሞከር ነው። ግምቱ ሲቀየር አሸናፊውም ከተቀየረ፣ ውጤቱ ለውይይት እንጂ ለማርክ አይዋል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ጨዋታው የሚለካው ሰው ስለ እኛ የሚያስበውን እንጂ ኒያችንን አይደለም። ለነጥብ ብሎ ታማኝ የሆነ ቡድንም ሊያሸንፍ ይችላል። ኒያን አላህ ያውቀዋል፤ ለማሽን አንተወውም።

ነገ ከመካከላችን ሱቅ የሚከፍት፣ ወለድ አልባ ባንክ ገብቶ የሕዝብ ገንዘብ የሚይዝ አለ። አመኔታን ዜሮ እያለ ተምሮ እንዳይመረቅ፣ የዘርፉ ተማሪዎች ሐሳቡን ለመምህሮቻችሁ አቅርቡ። ለመነሻ አንድ ነገር፣ አመኔታ ብቻ፣ ይበቃል።