ስልክም አገር አለው



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ንባብ፣ ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ ስፖርት ሜዳው፣ ኧረ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ እንኳ ሳይቀር ተጽፏል። ዛሬ እኛ የምናነሣው ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ዕቃ ነው፤ ስለ ስልክ።

እንደሚታወቀው ሁሉ ለአንድ ሠልጣኝ ስልክ የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሞጁሉን የሚያነብበት መጽሐፍ ነው። የትምህርት ዕቅዱን የሚጽፍበት ደብተር ነው። ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለብዙዎቻችን የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ለዓይነ ስውራን ባልደረቦቻችን ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ነገ ተመድበን ቤተ መጻሕፍት የሌለበት ገጠር ስንሄድ አብሮን የሚሄደው ቤተ መጻሕፍት ይኸው ስልክ ነው።

ዋጋውስ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። አንድ ደህና ስልክ የጀማሪ መምህርን የብዙ ወር ደመወዝ ይውጣል። ለአንዳንዶቻችን እናት እንቁላል ሸጣ፣ አባት በግ ሸጦ፣ ወንድም ከዕቁብ አውጥቶ የገዛልን ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሁለት ጊዜ አይገኝም።

እንግዲህ ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ስንት ጊጋ ይይዛል? ባትሪው ይቆያል ወይ? አንዳንዱማ ስለ ከቨሩ ቀለም ሲከራከር ግማሽ ሰዓት ያጠፋል። «ይህ ስልክ ለየት አገር ገበያ የተሠራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የእኛ አቋም ይህ ጥያቄ ከሁሉም መቅደም አለበት የሚል ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ይስማማል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ፋብሪካዎች አንድን ስልክ በአንድ ስም ለዓለም ሁሉ ይሸጣሉ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው ግን አንድ አይደለም። ለአሜሪካ፣ ለቻይና፣ ለኮሪያ፣ ለአፍሪካ የሚሠራው በሁለት ነገር ይለያያል። አንዱ የሚቀበለው የኔትወርክ ሞገድ ነው። ሁለተኛው ፈርምዌር የሚባለው፣ ከፋብሪካው ከዕቃው ጋር ተጭኖ የሚመጣውና ሲሙንም፣ ካሜራውንም፣ ቋንቋውንም የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው።

ለእኛ ለመምህራን በሚገባን ምሳሌ እንናገር። ስልኩ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ነው፤ ፈርምዌሩ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ፕላን ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ ውስጥ በቻይንኛ፣ ሌላው ውስጥ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚማርበት ከሆነ ግን ልጃችንን የት እንደምናስገባ ሕንፃውን አይተን አንወስንም።

ከየአገሩ የሚመጣው

በመጀመሪያ ከአሜሪካ የሚመጣውን እንይ። ዘመድ ከባሕር ማዶ የሚልከው ስልክ ብዙ ጊዜ ከኔትወርክ ኩባንያ በክፍያ የተወሰደ ነው። ክፍያው እስኪያልቅና ኩባንያው እስኪከፍተው ድረስ የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም። የእኛን ሲም ስናስገባ የመክፈቻ ኮድ አምጡ ይለናል። ከሲሙ ሥር ቀጭን ቺፕ አስገብቶ «ተከፍቷል» ብሎ የሚሸጥም አለ። እሱ እስከሚቀጥለው ማሻሻያ ድረስ ብቻ ሊሠራ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው አይፎን 14 ደግሞ (እ.ኤ.አ. 2022) ጭራሽ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ያላወቀ ሰው ሲሙን ይዞ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

የሞገዱም ጉዳይ አለ። አገራችን ለሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ 900 እና 1800 ሜጋኸርዝ ስትጠቀም፣ አሜሪካ የለመደችው 850 እና 1900 ነው። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ ባንድ 3 በሚባለው በ1800 ነው የሚሠራው። ውድ የሆኑት ስልኮች ብዙ ሞገድ ስለሚይዙ አይቸገሩም። ለአሜሪካ ኩባንያዎች በርካሽ የተሠሩት ግን ባንድ 3 ሊጎድላቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ስልክ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፤ 4ጂ ግን አያገኝም። ባለቤቱም ዕድሜ ልኩን ኔትወርኩን ይራገማል።

ወደ ኮሪያ እንለፍ። ለኮሪያ የተሠራ ሳምሰንግ ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጡት ብዙዎቹ የሚይዙት አንድ ሲም ብቻ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም መያዝ ለብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ካሜራውም ፎቶ ሲያነሣ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ በአብዛኛው አይጠፋም፤ አገሩ ያለ ፈቃድ የሚነሣ ፎቶን ለመከላከል የያዘው አሠራር ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፍ ገጽ ለሚያነሣ ሠልጣኝ ይህ ራሱ ጣጣ ነው።

ለቻይና ገበያ የተሠራው ዋጋው ቀለል ስለሚል ብዙውን ሰው ይስባል። በዚያ አገር የጉግል አገልግሎት ስለማይሠራ ፕሌይ ስቶር አብሮት አይመጣም። የቋንቋውም ዝርዝር ብዙ ጊዜ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ላይ ያበቃል። ያኔ ሻጩ «ግሎባል አድርገንልሃል» ይላል። ይህ ማለት የቻይናውን ዕቃ በሌላ አገር ፈርምዌር ፍላሽ አድርጎታል ማለት ነው። ለጊዜው ይሠራል። ግን ማሻሻያ ላይመጣለት ይችላል፣ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያም አልከፍትም ሊል ይችላል። ባስ ሲል ደግሞ እንደ ሻውሚ ባሉት ላይ የተከፈተው ቁልፍ መልሶ ሲዘጋ ስልኩ ጨርሶ አልነሣም ይላል። ዓይነ ስውር ባልደረባችን እንዲህ ያለውን ቢገዛ አማርኛ የሚያነብለትን ድምፅ ለመጫን ፕሌይ ስቶርን ፈልጎ ያጣል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናትና ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከዓረብ አገር በእኅቶቻችን ላብ የሚመጣውም የራሱ ጠባይ አለው። ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ገበያ በተሠሩ አይፎኖች ላይ ፌስታይም ለዓመታት አልነበረም። እኅት በስንት ድካም የላከችውን ስልክ ይዞ «በምስል እናውራ» ሲሏት እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ እንጨምር። «እሽጉ ያልተከፈተ» የሚባለው ዕቃ ያለ ነገር የለበትም ብለን እናምናለን። ሳምሰንግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በብዙ ስልኮቹ ላይ አንድ ሕግ አስገብቷል። ስልኩ መጀመሪያ በተሸጠበት ክፍለ ዓለም ሲም ተደውሎበት ካልነቃ የሌላ ክፍለ ዓለም ሲም አይቀበልም። ስለዚህ ያልተከፈተው እሽግ ራሱ ችግሩ ሊሆን ይችላል።

ከመክፈላችን በፊት

ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ወርደን በአዲሱ ገበያ አድርገን አዲስ አበባ የምንገባው ስልክ ለመግዛት ከሆነ የሚከተለውን እንያዝ። የታክሲ ሂሳብ ከፍለን ለመመለስና ለመጨቃጨቅ ሁለተኛ ቀን የለንም።

አንደኛ፣ የሞዴል ቁጥሩን እናንብብ። በቅንብሩ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ላይ አለ። የሳምሰንግ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ገበያውን ይናገራል። ለምሳሌ በኤስ23 አልትራ «ቢ» ለዓለም አቀፍ፣ «ዩ» ለአሜሪካ፣ «ኤን» ለኮሪያ፣ ፊደል ሳይኖረው በዜሮ የሚያልቀው ለቻይና ነው። በሻውሚ ደግሞ የፈርምዌሩ ስም ውስጥ «ሲኤን» ካለ የቻይና፣ «ኤምአይ» ካለ የዓለም አቀፍ ነው። በአይፎን የቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደል «ኤም» ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ «ኤፍ» ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ «ኤን» ከሆነ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው።

ሁለተኛ፣ *#06# እንደውል። አሥራ አምስት አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። እሱን ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ እናስተያይ። ቅንብሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ፈርምዌሩ የተነካካ ስልክ 64 ጊጋውን 512 ነኝ ብሎ ሊዋሽ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን ሲም አስገብተን እንደውልበት፣ ዳታ ከፍተን 4ጂ ማሳየቱን እንይ። ሁለት ሲም የምንጠቀም ሁለቱንም እንሞክር።

አራተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት ለፊት ሁሉንም ነገር አጥፍተን እንደ አዲስ እናስነሣው። የድሮው ባለቤት አካውንት ካልተነሣለት ያን ጊዜ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቤት ገብተን ከምናውቀው እዚያው ብናውቀው ይሻላል።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ እንቀበል፤ በደረሰኙም ላይ የሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን በምን አፉ ይጠይቃል?

«ለድሃ ምን ምርጫ አለው?»

ይህን ሐሳብ ስናነሣ ከባልንጀሮቻችን የገጠመን መልስ አለ። «እኛ እኮ ርካሹን ነው የምንገዛው፤ ለድሃ ምን ምርጫ አለው?» ይላሉ። ንግግሩ እውነት አለው፤ አናጣጥለውም። እኛም የኮሪያውን አትግዙ፣ የቻይናውን አትንኩ አላልንም። አንድ ሲም የሚበቃው ሰው የኮሪያውን በርካሽ ገዝቶ ቢጠቀም ብልህ ነው። በሌላ በኩል ለአፍሪካ ገበያ የሚሠሩ እንደ ቴክኖ ያሉት ሁለት ሲምና የአማርኛ ኪቦርድ ይዘው ስለሚመጡ የአገር ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ለእኛም ያደላል። የምንቃወመው ሳያውቁ መግዛትን ነው። ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው የጎደለው ነገር ከታወቀ በኋላ ነው። እንዲያውም ሁለተኛ መግዛት የማይችል ሰው ነው ከሁሉ አብልጦ መጠየቅ ያለበት።

ሻጩን ብቻ መውቀስም አይበቃም። አታላይ አለ፤ የማያውቅ ሻጭም አለ። ያመጣለትን ነው የሚሸጠው። ገዢው ሁሉ «የየት አገር ነው?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ሻጩም አስመጪውን ይጠይቃል። ገበያ የሚታረመው እንዲህ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ

ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የኮምፒውተር መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ሆኖ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሰዓት ማሳያ ትምህርት ይስጡን፤ እያንዳንዱ የራሱን ስልክ ይዞ የሞዴል ቁጥሩን ያንብብ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ጋዜጣ ጎን አንድ ደብተር ይሰቀል። ለተግባር ልምምድ ገጠር ወጥቶ የተመለሰ ሠልጣኝ የስልኩን ሞዴልና እዚያ እንዴት እንደሠራለት ይጻፍበት፤ የሱቅ ስምና የሰው ስም ግን አይግባበት። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሚከተሉን ሠልጣኞች የሚጠቅም መዝገብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ዓይነ ስውር ባልደረባችን ስልክ ሊገዛ ሲሄድ አንዳችን አብረነው እንሂድ። የካርቶኑን ጽሑፍ እናንብብለት፤ ድምፁ አማርኛ ማንበቡንና ለእሱ መመቸቱን ግን ራሱ ይፈትሽ፣ ራሱ ይወስን።

ነገ በየቀበሌው ስንመደብ አርሶ አደሩ በሬውን ሸጦ ለልጁ የገዛውን ስልክ ይዞ የሚመጣው ወደ መምህሩ ነው። «መምህር፣ ይሄ ነገር ለምን አማርኛ አይጽፍም?» ይለናል። ያን ጊዜ «እንጃ» ከማለት አሁን ብንማር ይሻላል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለዋል አባቶቻችን። እንግዲህ ጥያቄውን ከራሳችን ኪስ እንጀምር፤ ስልክህ የየት አገር ነው? ስልክሽስ?