እሪ ከማለት በፊት





በሰፈራችን በእሪ በከንቱም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ለትንሹ ነገር ብዙ ሲያስብ ለትልቁ ግን ሲቸኩል ይታያል። ለአንድ ጫማ መርካቶን ሦስት ጊዜ የሚዞር አባት፣ ልጁን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ቤቱን ሲሸጥ የሚያምነው የጎረቤት ወሬ ነው። ተማሪዎቼም ተፈጥሮ ሳይንስን ወይም ማኅበራዊ ሳይንስን ለምን እንደ መረጡ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «ጓደኛዬ ስለ ገባ» ይሉኛል።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ነገር ሩቅ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሚያስታውሰን ጀግንነትን ብቻ ሳይሆን የአወሳሰን ጥበብንም ነው።

በ1888 ዓ.ም. የመቀሌን ምሽግ በግንባር ለመስበር ተሞክሮ ብዙ ሰው ከወደቀ በኋላ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጠላት የሚቀዳው ምንጭ ተያዘ፤ በጥርም ወር ምሽጉ ተለቀቀ። ባይሳካ ሊታረም የሚችለው መንገድ ተመረጠ ማለት ነው። በአንጻሩ ጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቁ እያለቀበት፣ ክሪስፒም ከሮማ በቴሌግራም እየነቀፈው፣ የካቲት 21 ቀን የጦር አለቆቹን ሰበሰበ። እርሱ ለማፈግፈግ ያዘነበለ ቢሆንም አራቱም አለቆች ተቃወሙት፤ ከስሌት ይልቅ የውርደት ፍርሃት መዘነ። የካቲት 23 የሆነውን ዓለም ያውቃል።

መጠበቅ ሁልጊዜ ይበጃል ማለቴ አይደለም፤ የእኛም ሠራዊት ስንቅ እያለቀ ስለ ነበር ብዙ ሊቆይ ባልቻለም ነበር። የምለው ከትልቅ ውሳኔ በፊት ሦስት ጥያቄ ይቅደም ነው። ብሳሳት መመለሻ አለኝን? የምቸኩለው ጊዜው አስገድዶኝ ነው ወይስ «ሰው ምን ይለኛል» ብዬ? ሐሳቤን የሚቃወመውንስ ሰው ሰምቻለሁን? መመለሻ ያለውን ነገር ፈጥኖ መሞከር አይጎዳም፤ መመለሻ የሌለውን ግን አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር ይገባል።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲሉ የሚለቀም ነገር ስላለ ነው። የተሸጠ ቤትና ያለፈ የትምህርት ዘመን ግን አይለቀምም፤ ኋላ እሪ ቢሉ እንደ ሰፈራችን ስም በከንቱ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከእሪ በከንቱ