ጭንቀቱም የተማሪው፣ ማጽናናቱም የተማሪው?

በካፒታሊዝም ቁንጮ በዩናይትድ ስቴትስ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት፣ ተማሪው ተማሪውን ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምርበት እንቅስቃሴ ሥር ሰዷል። መነሻው አንድ ሐዘን ነው። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው አሊሰን ማልሞን፣ ሕመሙን ለዓመታት ሰውሮ የኖረው ወንድሟ እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ካጠፋ በኋላ፣ በ2001 በግቢዋ አንድ የተማሪዎች ክበብ አቋቋመች። ክበቡም በ2003 አክቲቭ ማይንድስ የተባለ አገር አቀፍ ድርጅት ለመሆን በቃ። ዛሬ ቅርንጫፎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም።

እንቅስቃሴው ተራማጅ ገጽታ እንዳለው መካድ አይቻልም። የአእምሮ ሕመም የግለሰቡ ድክመት ነው የሚለውን፣ የከበርቴው ግለኝነት ያነገሠውን አስተሳሰብ በአደባባይ ይሞግታል። ድርጅቱ ከ2008 ጀምሮ በየግቢው ሣር ላይ የሚደረድራቸው 1,100 የጀርባ ቦርሳዎች በየዓመቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብለው የተገመቱ የኮሌጅ ተማሪዎችን ይወክላሉ። ወደ ክፍል የሚጣደፈው ተማሪ ቆም ብሎ ከቦርሳው ጋር የተያያዘውን የሟች ታሪክ ያነባል። በ12 የካሊፎርኒያ ኮሌጆች ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናትም፣ ከድርጅቱ ጋር ይበልጥ የተዋወቁ ተማሪዎች ስለ አእምሮ ጤና አለን የሚሉት ዕውቀት እንደጨመረና ለሕመምተኛው ያላቸው አሉታዊ አመለካከት እንደቀነሰ አመልክቷል።

ቅራኔው የሚገለጸው ግን እዚሁ ድል ውስጥ ነው። ንቃት በሰፋ ቁጥር እርዳታ ፈላጊው ይበዛል። የሠለጠነው ተማሪ ሐኪም አይደለም፤ ተግባሩ የጓደኛውን ችግር አስተውሎ ወደ ባለሙያ መምራት ነው። የተመራው ተማሪ ማንን ያገኛል? የምክር አገልግሎት ማዕከላት ዓለም አቀፍ ማኅበር ከ1,000 እስከ 1,500 ለሚሆኑ ተማሪዎች አንድ ባለሙያ እንዲመደብ ይመክራል። ይህ ባልተሟላበት ግቢ ውስጥ የክበቡ መኖር ለአስተዳደሩ ርካሽ ማመካኛ ይሆናል፤ ባለሙያ ለመቅጠር የሚያስፈልገው ገንዘብ ይቀርና ፖስተር ይለጠፋል።

ስለ ጭንቀቱ ቁሳዊ ምንጭስ? በዚያች አገር ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የፌዴራል የትምህርት ዕዳ ተሸክመዋል። ጭንቀት ሁሉ ከዕዳ ይመነጫል ማለት ስህተት ነው፤ የማልሞን ወንድም የታመመው በዕዳ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ስለ አተነፋፈስና ስለ እንቅልፍ የሚያስተምር ክበብ፣ የትምህርት ክፍያ እንዲቀነስና ባለሙያ እንዲቀጠር አብሮ ካልጠየቀ ትግሉን ከግማሽ መንገድ ይመልሰዋል።

በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለው ተማሪ ሌሊቱን ጓደኛውን ሲያጽናና አድሮ፣ ጠዋት ለፈተና ይቀመጣል። የሚቀጥለው መንፈቅ ክፍያም ይጠብቀዋል።